ቅጣት ከማን ይጀምር? ስለ ፌስታል አዋጅና ስለ ፍትሕ

በአማርኛ ስለ ሕግ ከተነገሩት ቃላት ሁሉ ጥልቁ «በሕግ አምላክ ሲሉት፣ እንኳንስ ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» የሚለው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚህ አባባል ውስጥ ዳኛ የለም፤ ወታደር የለም፤ ወኅኒም የለም። ያለው ቃል ብቻ ነው። ዱላ የተነሣበት ሰው ወይም በመንገድ ሲያልፍ ያየ ሰው ቃሉን ባወጣ ጊዜ የተነሣው እጅ ይወርዳል፤ የሚሸሸው ይቆማል፤ ባለጋራዎችም ልብሳቸውን ተቋጥረው በገዛ እግራቸው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ሕግ ኃይሉን የሚያገኘው ከቅጣት ሳይሆን ቅጣትን ከሚቀድም አንዳች እምነት መሆኑን፣ ያም እምነት በትልቁም በትንሹም ልብ እኩል መስፈር እንዳለበት ይህ አባባል በአጭሩ ያስረዳል።

በመርካቶ ራጉኤል አካባቢ በክረምት ወራት ወራጅ ውሃ የሚቆመው ግን በሕግ አምላክ አይደለም። ዝናቡ ባየለ ቀን ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ቦዩ ሊገባ ሲል ይታገድና ወደ መንገዱ ይመለሳል። የቦዩ አፍ በፌስታል፣ በተጨማደደ ላስቲክና ሕዝቡ ሃይላንድ እያለ በሚጠራው የውሃ ጠርሙስ ተደፍኗልና። ተሸካሚው ጭነቱን እንደ ተሸከመ ጭቃ ውሃውን በእግሩ ይፈትሻል፤ ጉልት ቸርቻሪዋ ቲማቲምና ሽንኩርቷን ሰብስባ ወደ ሱቅ በረንዳ ትጠጋለች፤ ባለ ሱቁ በበሩ ላይ አሸዋ የሞላበት ማዳበሪያ ይደረድራል። ውሃውን ያቆመው ነገር ከሁሉም እጅ የወጣ ነው፤ የማንም ግን አይደለም።

እነሆ ሕግ ይህንን ባለቤት አልባ ነገር ባለቤት ሊያበጅለት ተነሥቷል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ፣ አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣለው የፕላስቲክ ከረጢት እንዳይመረት፣ ከውጭ እንዳይገባ፣ እንዳይሸጥና በጥቅም ላይ እንዳይውል ከልክሏል። ከረጢቱን ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር፣ አምራቹ፣ አስመጪውና ሻጩ ደግሞ ከ50,000 እስከ 200,000 ብር መቀጮ እንደሚጠብቃቸው ተደንግጓል። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ የሕግ ባለሙያዎች ብቻ ተነጋግረው የሚዘጉት አይደለም። ዘመኑ በእጁ ያስያዘውን ነገር ስለ ያዘ ሰውን መቅጣት ፍትሕ ነውን? ፍትሕ ከሆነስ፣ ቅጣት ከማን ይጀምር?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመሻት ከ2017ቱ አዋጅ በፊት የነበረውን መመልከት ይጠቅማል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513፣ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ በተፈጥሮ ሂደት የማይበሰብስ የፕላስቲክ ከረጢት እንዲመረት ወይም ከውጭ እንዲገባ ፈቃድ መስጠትን ከልክሎ ነበር። በሁለቱ አዋጆች መካከል 18 ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ 18 ዓመታት ስሱ ፌስታል ከመርካቶ አልጠፋም። እንዲያውም ከጫት እስከ በርበሬ፣ ከእንጀራ እስከ ሚስማር ያልያዘው ነገር አልነበረም። የቀድሞው ሕግ ክፉ ሕግ ስለ ነበረ አይደለም። 0.03 ሚሊ ሜትር በሸማች ዓይን የሚታይ፣ በሻጭ ጣት የሚዳሰስ ልክ አልነበረም። የተከለከለውና የተፈቀደው በአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ሚስማር ላይ ተንጠልጥለው ሲታዩ ሕዝቡ የትኛው ሕጋዊ፣ የትኛው ሕገ ወጥ እንደ ሆነ የሚለይበት መንገድ አልነበረውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ግን ሌላ ነው። የ1999ኙ ሕግ በዚህ ረገድ የተናገረው ለፈቃድ ሰጪው ቢሮ ነበር፤ የ2017ቱ ሕግ ለሰው እጅ ጭምር ይናገራል። በአንደኛው ዘመን ኃላፊነቱ በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ በሁለተኛው ከጠረጴዛው ወርዶ ከገበያ የሚመለስ ሰው ጣቶች ላይ ተንጠለጠለ። ይህ መውረድ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። በላይ ያልተሠራው ሥራ በታች ቅጣት ሆኖ ሲመጣ፣ ቅጣቱ የማን ጥፋት ማካካሻ እንደ ሆነ መጠየቅ የዜጋ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው።

ራጉኤል ለዚህ ጥያቄ ተስማሚ ስፍራ ነው። የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ተጎራብተው በቆሙበት በዚህ ሰፈር፣ የቅዳሴው ድምፅና አዛኑ በሚገናኙበት አየር ሥር፣ የኢትዮጵያ የንግድ ሕይወት በተራ በተራ ተከፍሎ ይኖራል። ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ወደዚህ የመጣው በፋሺስት ወረራ ዘመን፣ ነጭና ጥቁርን ለመለየት በወጣ የከተማ ዕቅድ ነበር፤ ስሙም የወራሪው ቋንቋ ነው። ከነጻነት በኋላ ግን ሕዝቡ የተለያየበትን ስፍራ መገናኛው አደረገው። ሸማ ተራ፣ ሚስማር ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እየተባለ የሚጠራው ሁሉ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ወዛደርና ነጋዴ የሠራው የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ነው ቢባል ያስኬዳል።

በዚህ ገበያ ፌስታል ከመምጣቱ በፊት ሰው ዕቃ የሚሸከምበት አጥቶ አያውቅም። ዘንቢል ነበረ፤ አገልግልና አኩማዳ ነበሩ፤ ስልቻና ጆንያ ነበሩ፤ ቅቤ በኮባ ቅጠል፣ ቅመም በጋዜጣ ቁራጭ ይጠቀለል ነበር። ከዕቃዎቹ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ከዕቃዎቹ ጋር የነበረው አስተሳሰብ ነው። ገበያ የሚወጣ ሰው መያዣውን አስቦ ይወጣ ነበር። ዘንቢሉ የቤቱ ሰው ነበር፤ ማሰሪያው ሲላላ ይታሰራል፣ ሲቀደድ ይሰፋል፣ ጎረቤት ሲዋሰው ይመለሳል። ፌስታል ሲመጣ ከሸማቹ ላይ ያነሣው የዘንቢሉን ክብደት ብቻ አልነበረም፤ አስቀድሞ የማሰብንም ግዴታ አነሣለት። እግረ መንገዱን ባዶ እጁን ወደ ገበያ ጎራ ያለ ሰው አሥር ዓይነት ዕቃ በአሥር ፌስታል ይዞ መመለስ ቻለ።

ይህን ሲሉ ግን ያለፈውን ሁሉ ማሞገስ አይገባም። ፕላስቲክ ለድኻው ባለውለታም ነው። የሸክላ እንስራ በጀርባዋ አዝላ ከምንጭ ወደ ቤት ዳገት የወጣች ሴት፣ ጀሪካን በመጣ ጊዜ ያረፈችውን እረፍት የሚያቃልል ጸሐፊ የሴትን ጀርባ የማያውቅ ነው። በላስቲክ የተጠቀለለ መድኃኒት ከእርጥበት ድኗል፤ በላስቲክ የተሸፈነ የጉልት ጣሪያ ሕፃናትን ከዝናብ ጠብቋል። ስለዚህ ክርክሩ ከፕላስቲክ ጋር አይደለም። ክርክሩ ለግማሽ ሰዓት አገልግሎት ተሠርቶ ለመቶ ዓመታት ከሚቀመጥ ነገር ጋር ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው ባለ ጆሮ ፌስታል እ.ኤ.አ. በ1965 ሴሎፕላስት የተባለ የስዊድን ኩባንያ፣ በኢንጂነሩ በስተን ጉስታፍ ቱሊን ፈጠራነት የባለቤትነት መብት ያወጣበት ነው። ፈጠራው ብልህ ነበር፤ ቀላል፣ ጠንካራና ርካሽ ዕቃ ሰጠ። ከሱቅ እስከ ቤት የሚያገለግለው ያ ከረጢት ግን ከዚያ በኋላ የሚኖረው ዕድሜ ከገዢው ዕድሜ ይበልጣል። ሰው ለአፍታ ምቾቱ ሲል የልጅ ልጁን ባለ ዕዳ የሚያደርግበት መንገድ ከዚህ የቀለለ አልነበረም።

ዕዳው የት ሄዶ እንደሚከማች ማወቅም ይገባል። አዲስ አበባን የሚያቋርጡት ወንዞች በታላቁና በትንሹ አቃቂ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማያይ ወንዝ ነው፤ በአፋር ምድር አልፎ በጂቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ሌሎች አገሮች ቆሻሻቸውን ወደ ውቅያኖስ ልከው ከዓይናቸው ሊሰውሩት ይችሉ ይሆናል፤ መርካቶ በቦይ የለቀቀችው ግን ከአገር አይወጣም። በአቃቂ ዳር ጎመን የሚተክለው ገበሬና በአዋሽ ዳር ከብት የሚያጠጣው አርብቶ አደር የራጉኤል ገበያ ያላያቸው ባለ ዕዳዎች ናቸው።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። በፌስታል ቅጣት ላይ ከሚነሡት ተቃውሞዎች የመጀመሪያው «የእኔ አንድ ፌስታል ምን ያመጣል?» የሚለው ነው። ይህ ተቃውሞ ሞኝነት የለበትም። አንድ ፌስታል በእውነት ወንዝ አይገታም። ጎርፉን ካቆሙት ፌስታሎች መካከል የአንዱን ሰው ፌስታል ብናነሣ ጎርፉ አይለቅም። እንግዲህ ያለ እርሱ ጥፋት የሚሆነው ነገር እንዴት የእርሱ ጥፋት ይባላል? መልሱ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በሚለው ተረት ውስጥ ይገኛል። ተረቱ የሚነገረው ለኅብረት ጥንካሬ ነው፤ ነገር ግን ኅብረት በጎ ለመሥራት ብቻ አይሰለፍም። አንበሳን ያሰረው የትኛው ድር ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለም፤ አንበሳው ግን ታስሯል። በኅብረት የሚሠራ በጎ ነገር ላይ ድርሻዬ ይታወቅልኝ የሚል ሰው፣ በኅብረት በሚሠራ ጥፋት ላይ ድርሻ የለኝም ሊል አይችልም።

ድርሻ መኖሩ ግን የድርሻውን ዓይነት ገና አይነግረንም። ሰው የሌላውን ገንዘብ ሲሰርቅ፣ ጎረቤቱን ሲደበድብ፣ ጥፋቱ ሕግ ባይኖርም ጥፋት ነው፤ በልቡም ያውቀዋል። ሽንኩርት በፌስታል ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ግን በማንም ላይ ክፋት አላሰበም። ጥፋቱ በሕግ የተሠራ ጥፋት ነው፤ ማለትም ብዙዎች አንድ ነገር እንዲተዉ ስላስፈለገ ነውር ያልነበረው ነገር ክልክል ተደርጓል። ይህ ከሆነ ቅጣቱ የክፋት ዋጋ ማስከፈያ ሊሆን አይችልም፤ ክፋት የለምና። የልማድ ማስለወጫ ብቻ ሊሆን ይችላል። የልማድ ማስለወጫ ቅጣት ደግሞ መጠኑ የሚለካው በቁጣ ሳይሆን በሚያመጣው ለውጥ ነው። ለውጡን በትንሽ ቅጣት ማምጣት ሲቻል ትልቅ ቅጣት የሚጥል ሥርዓት፣ ትርፉ ቅጣት ከፍትሕ ሳይሆን ከትምክሕት የመጣ ነው።

የሚላኑ ተወላጅ ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 ስለ ወንጀልና ቅጣት ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው ከዚህ ጋር ይስማማል። ሰውን ከጥፋት የሚመልሰው የቅጣቱ መክበድ ሳይሆን ቅጣቱ አለመቅረቱ ነው። ከባድ ሆኖ አልፎ አልፎ የሚወርድ ቅጣት እንደ መብረቅ ነው፤ ሰው መብረቅን ይፈራል እንጂ በመብረቅ ምክንያት ልማዱን አይለውጥም። ቀላል ሆኖ ሁልጊዜ የሚመጣ ቅጣት ግን እንደ ጠዋት ፀሐይ ነው፤ ሰው ኑሮውን በእርሱ ልክ ያስተካክላል።

የሌሎች አገሮች ልምድ ሁለቱንም ያሳያል። ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ2002 ስስ ፌስታልን በመከልከል ከዓለም ቀዳሚ ሆነች፤ ምክንያቷም የራጉኤልን ነዋሪ የሚገባው ነበር፤ የተደፈኑ ቦዮች ከተሞቿን በጎርፍ ያስጠቁ ነበርና። ይሁን እንጂ ክልከላው በቁጥጥር ስላልተደገፈ ፌስታሉ ወደ ገበያ ተመለሰ። በዚያው ዓመት አየርላንድ ፌስታልን ሳትከለክል በእያንዳንዱ ላይ 15 ሳንቲም ዩሮ ቀረጥ ጣለች፤ የፌስታል ፍጆታዋም ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ። ቀረጡ ማንንም አላሳሰረም፤ ግን ከየሱቁ ሒሳብ ላይ አንድም ቀን አልቀረም። ሩዋንዳ በ2008 ሕግ አውጥታ ክልከላውን ከድንበር ፍተሻ እስከ መንደር ጽዳት ዘረጋችው። ኬንያ ደግሞ በ2017 እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ መቀጮ ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት የሚያስከትል እገዳ አወጀች። ፌስታሉ ከናይሮቢ ሱቆች በብዛት ጠፋ፤ ነገር ግን እርሱን ተክቶ የመጣው ጨርቅ መሰል ከረጢት ራሱ ፕላስቲክ ነበረና፣ ጥራቱ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ በ2019 እርሱም ታገደ። ስሙን ለውጦ የሚመለስ ጥፋት መኖሩን ልብ ማለት ያሻል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ስለ እኩልነት ነውና። ቍጥር ለሁሉ እኩል ይመስላል፤ ኑሮ ግን ለሁሉ እኩል አይደለም። ለምሳሌ የዕለት ትርፏ 200 ብር የሆነ ጉልት ቸርቻሪ ብትኖርና ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ብትገኝ፣ ዝቅተኛው መቀጮ፣ ማለት 2,000 ብር፣ የ10 ቀን ትርፏን ይወስዳል። በወር 1 ሚሊዮን ብር የሚያተርፍ አምራች ቢኖር ግን ከፍተኛው መቀጮ፣ ማለት 200,000 ብር፣ ብቻውን ሲታይ የ6 ቀን ትርፉ ነው። አንዱን ፌስታል የያዘችው ሴት በትንሹ ስትቀጣ፣ ሚሊዮኑን ያመረተው በትልቁ ከተቀጣው ይልቅ ተጎዳች ማለት ነው። በወረቀት ላይ መቶ እጥፍ የሚሆነው ቅጣት በሕይወት ሚዛን ሲቀመጥ ቀለለ።

ይህ ዓይነቱ ሚዛን ለኢትዮጵያ ሕግ እንግዳ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ መቀጮ ሲወሰን ዳኛው የጥፋተኛውን ሀብትና ገቢ፣ የቤተሰብ ኃላፊነቱንም እንዲመለከት ያዝዛል። ነገር ግን ይህ ጥበብ የሚሠራው በችሎት ፊት ነው። በገበያ መካከል ደረሰኝ ይዞ የቆመ ደንብ አስከባሪ የሰውን ኑሮ የሚመረምርበት ጊዜም ሥልጣንም የለውም። እርሱም ራሱ የወር ደመወዝተኛ ነው። በ2,000 ብር መቀጮና በድኻ ኪስ መካከል ያለው ርቀት በሰፋ መጠን «የሻይ» የሚባለው ነገር የሚገባበት ክፍተት ይሰፋል። ያን ጊዜ ሕጉ ፌስታልን ከገበያ ሳያወጣ ራሱ ወደ ገበያ ይገባል፤ ዋጋ ወጥቶለት ይሸጣል፣ ይለወጣል። ሕግን ከሚሽሩ ነገሮች ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ሌባ ሕግን ይጥሳል እንጂ አያረክሰውም።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ድኻው አይቀጣ» የሚል ይኖራል። ይህም ሐሳብ ቅን ይመስላል እንጂ ሁለት እንከን አለበት። አንደኛ፣ ድኻውን ከኃላፊነት ነጻ ማድረግ ከሰውነት ማውጣት ነው። ጉልት ቸርቻሪዋ የዕቁቧን ዕጣ የምትጠብቅ፣ ለዕድሯ ቃል የምትታመን፣ ለልጇ ነውርና ክብርን የምታስተምር ሰው ናት። ግዴታ ልትሸከም የማትችል አድርጎ የሚቆጥራት አዛኝ፣ ከሚንቃት ሰው የሚለየው በድምፁ ልስላሴ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ቆሻሻ ሲከመር የሚወድቀው በድኻው ላይ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻው ተራራ በተናደ ጊዜ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያ ተራራ ሥር የነበሩት የቆሻሻው አምራቾች አልነበሩም፤ ከሥሩ ጎጆ የቀለሱና ከላዩ የዕለት እንጀራቸውን የሚለቅሙ ነበሩ። የሀብታሙን ቤት የጽዳት መኪና ይደርስለታል፤ የድኻው ቤት መኪናው የሚያራግፍበት ነው። ስለዚህ ሕጉን አለማስፈጸም ለድኻው ማዘን አይደለም። እንዲያውም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው ያረጋገጠውን በንጹሕ አካባቢ የመኖር መብት ከድኻው መንጠቅ ነው።

ሁለቱም ወገን እውነት ይዟል። ድኻውን በሀብታሙ መጠን መቅጣት ግፍ ነው፤ ሕጉን መተውም ግፍ ነው። ከሁለቱ ግፎች መካከል የሚያወጣው መንገድ ቅጣትን በመተው ሳይሆን ቅደም ተከተሉን በማስተካከል ይገኛል። የኢትዮጵያ የአካባቢ ሕጎች የተቀበሉት «በካይ ይክፈል» የሚለው መርሕ በትክክል ከተተረጎመ፣ ቅጣት እንደ ውሃ ከላይ ወደ ታች መውረድ አለበት፤ ከፋብሪካው ማሽን ወደ አስመጪው መጋዘን፣ ከመጋዘኑ ወደ ጅምላ ነጋዴው፣ ከጅምላ ነጋዴው ወደ ችርቻሮ ሱቁ፣ በመጨረሻም ወደ ሸማቹ እጅ። ማሽኑ ሲቆም ሺህ እጆች ያለ ቅጣት ይጸዳሉ፤ ሺህ እጆች ሲቀጡ ግን ማሽኑ አይቆምም። ፌስታል በመጋዘን ሞልቶ፣ አዟሪው ልጅ በመንገድ እየሸጠው፣ የገዛችው እናት ብቻ የምትያዝ ከሆነ፣ ያ ሥርዓት ምንጩን ትቶ ማሰሮ የሚሰብር ሥርዓት ነው።

ቅጣት ከመምጣቱ በፊት መቅደም ያለባቸው ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። አንዱ ማስረዳት ነው። ፕላቶን ሕግጋት በተባለው ሥራው ሁለት ዓይነት ሐኪሞችን ያነጻጽራል። አንደኛው የባሪያ ሐኪም ነው፤ ሕመምተኛውን ሳይጠይቅ፣ ምክንያቱንም ሳይነግር መድኃኒት አዝዞ ይሄዳል። ሁለተኛው የነጻ ሰው ሐኪም ነው፤ ከሕመምተኛውና ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገራል፣ ሕመምተኛው ሳያምን መድኃኒት አያዝም። ፕላቶን ሕግ አውጪ እንደ ሁለተኛው ሐኪም ይሁን ይላል፤ ከትእዛዙና ከቅጣቱ በፊት ምክንያቱን የሚገልጽ መቅድም ይኑር ማለቱ ነው። በነጋሪት ጋዜጣ የወጣ አዋጅ በሕግ ፊት ለሁሉ የታወጀ ነው፤ በራጉኤል በረንዳ ላይ ግን ገና አልተነገረም። ነጋሪት ድሮ በገበያ መካከል ይጎሰም የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሌላው ምትክ ነው። ሰው የተከለከለውን ነገር እንዲተው ሲታዘዝ የሚይዘው ሌላ ነገር ከእጁ ሊደርስ ይገባል። ዘንቢል የሚሠራው የእጅ ባለሙያ፣ ከጥጥ ጨርቅ ከረጢት የሚሰፋው ልብስ ሰፊ፣ ወረቀት የሚያጥፈው ማኅበር በበቂ ካልተደራጀ፣ የምትኩ ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል፤ ያን ጊዜ ሕጉን ማክበር የባለ ገንዘብ ዕድል ይሆናል። ማንም ሊፈጽመው የማይችለውን ነገር ማዘዝ ትእዛዝ እንደማይባል ሁሉ፣ ድኻ ሊፈጽመው የማይችለውን ማዘዝም ለድኻው ሕግ አይባልም።

ለምትኩ ትምህርት ቤት ከራጉኤል ሩቅ አይደለም። በምናለሽ ተራ የሰው ልጅ «አይጠቅምም» ብሎ የጣለው ነገር ሁሉ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። የዘይት በርሜል ምድጃ ይሆናል፤ የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል፤ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ማንቆርቆሪያና ፋኖስ ይሆናል፤ የፕላስቲክ ጠርሙስና ጀሪካን በኪሎ ተመዝኖ ይሸጣል። «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ወጣትና ልዋጭ የሚለው ጓደኛው፣ ከማንም አዋጅ አስቀድመው ይህችን ከተማ ያጸዱ ናቸው። ከነዚህ ሰዎች ሥራ የሚገኝ አንድ የሥነ ምግባር ቁም ነገር አለ፤ ዋጋ ያለው ነገር መንገድ ላይ አይወድቅም። ቆራሌው ስሱን ፌስታል የማያነሣው ሚዛን ስለማይደፋለት ነው። ፌስታል የረከሰው መጀመሪያ በዋጋ ነው፤ በነጻ የሚሰጥ ነገር በነጻ ይጣላልና። ስለዚህ የሚቀጣ ሕግ ብቻውን ግማሽ ሕግ ነው፤ ሌላው ግማሽ የሚለቅመውንና የሚያድሰውን እጅ የሚያከብር፣ የሥራ ቦታና የሥራ መሣሪያ የሚሰጥ ሕግ መሆን አለበት።

በዚህ ሥራ ውስጥ የመምህሩ፣ የካድሬውና የከያኒው ድርሻ ምንድን ነው? ሦስቱም የሚሠሩት ከቅጣት በፊት ባለው ስፍራ ነው። የአበው ዘመን ሰው የቤተ ክርስቲያንን ቅጽር ዛፍ የማይቆርጠው፣ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድም የኦዳ ጥላ የማይደፈረው፣ መቀጮ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ መቁረጡ ነውር ስለ ነበረ ነው። ነውር ደረሰኝ አይቆርጥም፤ ጉቦ አይቀበልም፤ ሌሊትም አይተኛም። ፌስታልን በቦይ መጣል ነውር የሚሆንበት ቀን ሲመጣ ደንብ አስከባሪው ሥራ ይቀልለታል። ያንን ቀን የሚያቀርበው ግን የግድግዳ መፈክር አይደለም። መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ የአንድን ቦይ መንገድ እስከ ወንዙ ድረስ ቢከተል፣ ከአሥር መፈክር የበለጠ ያስተምራል። ካድሬው ስብሰባ ከመጥራቱ በፊት የራሱ ጽሕፈት ቤት የስብሰባ ውሃ በምን እንደሚያቀርብ ቢመለከት፣ ቃሉ ክብደት ያገኛል፤ ሕዝብ የሚሰማው በጆሮው ብቻ አይደለምና።

ከያኒው ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ስለ ጽዳት በሚሠሩ አጫጭር ድራማዎች ላይ የሚሳቅባት ብዙውን ጊዜ ያልተማረች እናት ናት፤ ፌስታል ትጥላለች፣ የተማረው ልጅ ይገሥጻታል፣ ተመልካች ያጨበጭባል። እንዲህ ያለው ድራማ የቅጣቱን አድሎ በሳቅ ይደግመዋል። እውነተኛ ተውኔት የሚጀምረው ያቺን እናት «ፌስታሉን ማን ሰጠሽ? ለእርሱስ ማን ሰጠው?» ብሎ በመጠየቅ፣ ጥያቄውን ይዞ ከጉልቱ ወደ ሱቁ፣ ከሱቁ ወደ መጋዘኑ፣ ከመጋዘኑ ወደ ማሽኑ በመውጣት ነው። በየደረጃው የሚገኘው ሰው «እኔ የተቀበልሁትን ነው የሰጠሁት» ሲል፣ ተመልካቹ የራሱን ድምፅ ይሰማል። ያን ጊዜ ሳቁ ይቆማል፤ ኃላፊነት የሚባለው ነገር ይጀምራል።

በመጨረሻም ስለ መቀጮው ገንዘብ አንድ ነገር መባል አለበት። ከራጉኤል ሰው የተሰበሰበ ብር ወደማይታይ ካዝና ገብቶ ሲቀር፣ ሕዝቡ ቅጣቱን እንደ ግብር፣ ቀጪውንም እንደ ግብር ሰብሳቢ ያየዋል። ያው ብር ተመልሶ በዚያው ሰፈር ቦይ ሲጠርግ፣ ለምናለሽ ተራ ሠራተኛ መጋዘን ሲሠራ፣ ለጉልት ቸርቻሪዋ ከረጢት ሲያቀርብ ከታየ ግን፣ ቅጣት ከዕዳ ወደ መዋጮ ይለወጣል። ምን ያህል ተሰበሰበ፣ ከማን ተሰበሰበ፣ በምን ላይ ዋለ የሚለው ሒሳብ በየዓመቱ ከክረምት በፊት በወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፍ። በዝርዝሩ ውስጥ የጉልት ቸርቻሪዎች መቀጮ ብቻ ከተጻፈና የፋብሪካና የመጋዘን መቀጮ ከሌለበት፣ አዋጁ ከታች እንደ ተጀመረ ማንም ያለ አስተማሪ ያነበዋል።